የግሪክ ቤተ አምልኮ የሕንጻ ቃላት በአማርኛ፦ ከላሊበላ እስከ ሊንከን መታሰቢያ

በአስፐን ሂል፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የግሪክ ሕንጻ ጥበብ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ከግሌንሞንት ጣቢያ በቀዩ የባቡር መስመር ወደ ዋሽንግተን መሐል የወረደ ሰው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱንና የሊንከን መታሰቢያን ዓምዶች ያያል። በየቤቱ በተሰቀለው የላሊበላ ፎቶግራፍ ደግሞ ቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያውን በዓምዶች ተከቦ ይታያል። ስለ ሁለቱም ሲወራ «የግሪክ ቤተ መቅደስ ይመስላል» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ንጽጽር ይፈትሻል። ክርክሬ የአንድ ሕንጻ ክፍል ስም ሊወጣለት የሚገባው በመልኩ ሳይሆን በሥራው ነው የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ቤተ መድኃኔ ዓለም ከግሪኩ በእጅጉ ይርቃል፤ የሊንከን መታሰቢያ ግን ከሚገመተው በላይ ይቀርበዋል።

ውስጥና ውጭ

የግሪክ ቤተ አምልኮ ከሁሉ በፊት የአምላክ ምስል ማደሪያ ነው። ምስሉ የሚቆምበት ዋናው ክፍል ናኦስ፣ ከፊቱ ያለው መግቢያ ፕሮናኦስ፣ ከኋላው ያለው ክፍል ኦፒስቶዶሞስ ይባላል። ዓምዶች በፊት ለፊት ብቻ ከቆሙ ሕንጻው ፕሮስታይሎስ፣ ዙሪያውን ከከበቡት ፔሪፕተሮስ ይሰኛል። ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 በአቴንስ መሥራት የጀመሩት ፓርቴኖን ፔሪፕተሮስ ነው። በጠባቡ ግንባር 8፣ በረጅሙ ጎን 17 ዓምዶች አሉት፤ የማዕዘኖቹ ለሁለት ጎን ስለሚቆጠሩ ድምሩ 46 ነው። በናኦሱ ውስጥ ፊድያስ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የሠራው የአቴና ምስል ቆሞ ነበር።

መሥዋዕቱ ግን ውስጥ አይቀርብም ነበር። በግሪኮች ልማድ መሠዊያው የሚቆመው ከቤቱ ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቁ ግንባር ፊት ነው። ሕዝቡም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ ሲከፈት ምስሉ ወደ መሠዊያውና ወደ ሕዝቡ ይመለከታል። የፓርቴኖን ቅርጻ ቅርጽ በውጭው ላይ የበዛውም ለዚህ ነው፤ ሕንጻው የተሠራው ከውጭ ቆሞ ለሚያየው ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሌላ ነው። በቅኔ ማኅሌት ማኅሌት ይቆማል፤ በቅድስት ቆራቢዎች ይቀርባሉ፤ ታቦቱ ወዳለበት መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ምእመኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቆማል፤ ቁርባኑ የሚቀደሰው በመቅደሱ ውስጥ ነው። ናኦስን «መቅደስ» ብሎ መተርጎም ከፊል እውነት አለው፤ ሁለቱም ለተራው ሰው ያልተፈቀዱ ወይም እምብዛም የማይገባባቸው የተቀደሱ ክፍሎች ናቸው። ሆኖም ትርጉሙ ዋናውን ልዩነት ይሸፍናል። የእኛ መቅደስ መሥዋዕት የሚቀርብበት ነው፤ የግሪኩ ናኦስ መሥዋዕት የሚቀርብለት ምስል የተቀመጠበት ነው። ፕሮናኦስን «ቅኔ ማኅሌት» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ፕሮናኦስ መተላለፊያ እንጂ የሚዘመርበት ቦታ አይደለም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ በየደብሩ ብዙ ምእመን ከሕንጻው ውጭ በቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ያስቀድስ የለምን? ያስቀድሳል። የሚከተለው ቅዳሴ ግን የሚከናወነው ውስጥ ነው። ውጭ የቆመ ሰው ልቡ ወደ ውስጥ ነው። በግሪኩ ግን የአምልኮው ማዕከል ራሱ ውጭ ነበር።

እንጨት በድንጋይ ላይ

ሁለተኛው መፈተሻ የሕንጻው አካል ነው። በዶሪክ ሥርዓት ዓምዶቹ አግዳሚ ድንጋይ ይሸከማሉ። ከአግዳሚው በላይ ፍሪዝ የሚባለው ረድፍ ይመጣል፤ በእርሱም ላይ ሦስት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ያሉበት ትሪግሊፍና ቅርጽ የሚወጣለት ሜቶፕ ይፈራረቃሉ። ሮማዊው የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪየስ በአራተኛው መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ ጥንት አናጢዎች የወጡትን የጣሪያ ወራጆች ጫፍ ቆርጠው በሰማያዊ ሰም የተቀባ ሳንቃ ይገጥሙበት ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢዎችም ያንኑ መልክ በድንጋይ ቀረጹት። ተጓዡ ፓውሳንያስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን በኦሊምፒያ የሄራ ቤተ አምልኮ ከድንጋዮቹ ዓምዶች መካከል አንድ የኦክ እንጨት ዓምድ ማየቱ ይህን ታሪክ ይደግፋል። ይሁን እንጂ ሊቃውንት በቪትሩቪየስ ማብራሪያ ላይ ብርቱ ጥያቄ ያነሣሉ። ትሪግሊፍ በአራቱም ጎን ይዞራል፤ የጣሪያ ወራጅ ጫፍ ግን በአራቱም ጎን ሊወጣ አይችልም።

በእኛ አገር ተመሳሳዩ ሂደት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አለው። በደብረ ዳሞ ገዳም የድንጋዩን ግድግዳ የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ዛሬም ይታያል፤ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ያንኑ ጫፍ በክብ ቅርጽ በድንጋይ ተቀርጾ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ተመልሶ በ2008 ዳግም የቆመው 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት ላይ ማንም ሊያየው ይችላል። በላሊበላ ደግሞ ቤተ አማኑኤል እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የሚሠራውን የአክሱም ግድግዳ ከአንድ ዐለት አስመስሎ ያሳያል። ለግሪኩ በግምት የሚነገረው የእንጨት ሥራ ወደ ድንጋይ መሻገር በኢትዮጵያ እንጨቱም ድንጋዩም ቆሞ ይመሰክራል። ለሕንጻ ታሪክ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በአማርኛ የሚጻፉ የሕንጻ ጥናቶችም ከዚህ ቢነሡ ይጠቀማሉ።

ሆኖም የዝንጀሮ ራስን «የአክሱም ትሪግሊፍ» ማለት ስሕተት ነው። ትሪግሊፍ፣ ቪትሩቪየስ ልክ ከሆነ፣ የጣሪያ ወራጅ ጫፍ ነው። የዝንጀሮ ራስ ግን የግድግዳን ውፍረት የሚያቋርጥ ማሰሪያ ጫፍ ነው። መነሻቸው እንጨት መሆኑ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሥራቸው ግን ይለያቸዋል።

ዓምድ ሁሉ የግሪክ አይደለም

የቤተ መድኃኔ ዓለም ዓምዶች አራት ማዕዘን ናቸው፤ ጣሪያው ሁለት ጎን ተዳፋት ነው፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው። ከሩቅ ያየው ፔሪፕተሮስ ቢለው አይገርምም። ሦስት ምክንያቶች ግን ይከለክሉታል።

አንደኛው የዘመን ጉዳይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራው የይሓ ቤተ አምልኮ አራት ማዕዘን ዓምዶች ነበሩት። ፓርቴኖን ሲጀመር እርሱ ከቆመ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎታል። የይሓ ሥራ ዝምድናው ከቀይ ባሕር ማዶ ከሳባውያን ጋር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ዓምድ ባየን ቁጥር ዓይናችንን ወደ አቴንስ የምንልክበት ምክንያት የለም። ቤተ መድኃኔ ዓለም የጥንቷን አክሱም ጽዮን መልክ ሳይይዝ አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት መኖራቸውም ፍለጋውን ወደ አገር ቤት ይመልሰዋል።

ሁለተኛው የአሠራር ጉዳይ ነው። የግሪክ ዓምድ ክብ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ይቆማል፤ ከዚያ አግዳሚው፣ ከአግዳሚው በላይ ጣሪያው ይመጣል። መደቡ፣ ዓምዱ፣ የዓምዱ ራስ፣ አግዳሚው እያለ ስያሜው የሥራውን ቅደም ተከተል ይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ላሊበላ ግን የተፈለፈለው ከላይ ወደ ታች ነው። ጣሪያው ይቀድማል፤ ዓምዱ በዙሪያው ያለው ዐለት ሲወጣ የሚቀር ነው። በማነጽ የተወለደ ቃል በመፈልፈል ለተወለደ ሕንጻ ሲሰጥ የጠቢቡ ዋና ብልሃት ይሰወራል።

ሦስተኛው ከላይ የተነገረው የአገልግሎት ልዩነት ነው። በቤተ መድኃኔ ዓለም የአምልኮው ልብ ባለ አምስት መተላለፊያው ውስጡ ነው፤ የውጭ ዓምዶቹ ያንን ውስጥ ያከብራሉ እንጂ ለውጭ መሠዊያ ጀርባ አይሆኑም።

በፖቶማክ ዳር

ሄንሪ ቤከን የነደፈው የሊንከን መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1922 ተመረቀ። 36ቱ የዶሪክ ዓምዶች ሊንከን ሲሞት የነበሩትን ግዛቶች ያመለክታሉ። ቤከን ከግሪኩ ብዙ ነገር ቀይሯል። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ግንባር ትቶታል፤ መግቢያውን ከጠባቡ ጎን ወደ ረጅሙ አዙሮታል፤ ትሪግሊፍ በሚቆምበት ረድፍ ላይ የግዛቶቹን ስም አስፍሯል። በመልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው ከግሪኩ የራቀ ነው ሊል ይችላል።

በሥራው ስንፈርድ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። የዳንኤል ቼስተር ፍሬንች የሊንከን ሐውልት እንደ ናኦስ ምስል በውስጠኛው ክፍል ተቀምጦ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። ከሐውልቱ በላይ ያለው ጽሑፍም ቤቱን ቤተ አምልኮ ብሎ ይጠራዋል። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ከምሥራቁ ደረጃ ፊት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1939 ማሪያን አንደርሰን ስትዘምር፣ በነሐሴ 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲናገር፣ ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው ውጭ፣ በምስሉ ዓይን ሥር ነበር። የግሪክ ቤተ አምልኮ ዋናው ሥርዓት፣ ምስሉ ውስጥ ሕዝቡ ውጭ የመሆኑ ነገር፣ እዚህ በሕይወት አለ።

ስለ ስያሜ

በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ ምእመናን በኪራይ አዳራሽ ጀምረው በኋላ ከሌሎች የእምነት ተቋማት ሕንጻ ገዝተዋል። ከእነዚህ ሕንጻዎች አንዳንዶቹ በግንባራቸው ነጭ ዓምዶች አሏቸው። ዓምዶቹ ሳይነኩ መጋረጃ ተጋርዶ፣ መንበር ቆሞ፣ ታቦት ሲገባ አዳራሹ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይኖረዋል። ክፍሎቹን የለያቸው ሥርዓቱ ነው። ሕንጻው በመልኩ ያልነበረውን ስም በሥራው አገኘ።

ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊዎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ክብደት የሚሸከሙና ሕንጻውን የሚያቆሙ ክፍሎች በእኛው ቃል ይጠሩ፦ ዓምድ፣ የዓምድ ራስ፣ አግዳሚ፣ መደብ፣ ክፈፍ። ከአንድ የሕንጻ ሥርዓት ውጭ ቦታ የሌላቸው እንደ ትሪግሊፍና ሜቶፕ ያሉት በግሪክኛ ስማቸው ይግቡ፤ የዝንጀሮ ራስም በራሱ ስም ይቁም። የአምልኮ ቦታ የሆኑት ናኦስና ፕሮናኦስ ግን በመቅደስና በቅኔ ማኅሌት አይተኩ። እንዲህ ስናደርግ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ የቆመ ልጅ ሐውልቱ ለምን ወደ ውጭ እንደሚያይ ይገባዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑም መጋረጃ ለምን ወደ ውስጥ እንደሚጠራው እንዲሁ።