በር ላይ የቆመው ሰው፦ «ናይት ወርልድ» እና አሪዞና ክለብ

ሆባርት ሄንሊ አዘጋጅቶት ዩኒቨርሳል በ1932 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም «ናይት ወርልድ» አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ነገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጭፈራ ቤት ተጀምሮ ያልቃል። ዘመኑ አሜሪካ መጠጥን በሕግ የከለከለችበት ነውና የቤቱ ባለቤት ሃፒ (ቦሪስ ካርሎፍ) መጠጥ በድብቅ ከሚያቀርቡ ወንበዴዎች ጋር ይጣላል፤ ሚስቱ ከዳንስ አሠልጣኙ ጋር ትማግጣለች፤ ሐዘኑን በመጠጥ የሚያስታምም የሀብታም ልጅ ከጨፋሪዋ ሩት ጋር ይዋደዳል።

ስለ ፊልሙ ሲነሣ የሚወሳው የበዝቢ በርክሌይ የዳንስ ቅንብር ነው፤ አለዚያም ካርሎፍ፣ ከ«ፍራንከንስታይን» ማግስት ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲያስተናግድ ማየት እውነትም ያስገርማል። እኔን የያዘኝ ግን ዘበኛው ቲም ነው። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሱ ግን በሩን ጥሎ መሄድ አይችልም። እንግዳ ሲመጣ ፈገግ ይላል፣ በር ይከፍታል፣ ወሬዋን ይጠባበቃል። ካሜራው እየተመለሰ ያየዋል እንጂ አብሮት አይቆይም። ፍቅሩ ለወጣቶቹ፣ ወንጀሉ ለባለ ሽጉጦቹ ታድሏል፤ ለጥቁሩ ዘበኛ የደረሰው መጠበቅ ነው። የሚያስቆጨው፣ ቲምን የተጫወተው ክላረንስ ሙዝ ራሱ ሙዚቀኛ መሆኑ ነው፤ ሉዊ አርምስትሮንግ መለያው ያደረገውን «ስሊፒ ታይም ዳውን ሳውዝ» በ1931 እ.ኤ.አ. ከደረሱት አንዱ እሱ ነው። ፊልሙ መድረኩን ለሌላ ሰጥቶ እሱን ደጅ አቆመው።

ጉራጌ አገር፣ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ያደገ ተመልካች ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ በር ላይ ይመስለኛል። ከጉራጌ አገር አዲስ አበባ የገባው ሰው፣ ለመስቀልና ለአረፋ አገሩ እስኪመለስ፣ ከተማዋን ያወቃት በሊስትሮ ሳጥን፣ በሸክምና በሱቅ በደረቴ ነው፤ በደጅ በኩል ማለት ነው።

ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድም ከጉራጌ ቤተሰብ መርካቶ ተወልዶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያመሹበት የአዲስ አበባ አሪዞና ክለብ የተገኘውን ሁሉ ይሠራ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር ልሞክር ብሎ ጠየቀ፤ ዘፈነ፤ ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል ሆነ። ይህን ታሪክ የዕድል ተረት አድርጎ መተረክ ተለምዷል። አልቀበለውም። የዘፋኙ መቅረት ዕድል ነው እንበል፤ ዜማዎቹን አስቀድሞ ማወቅና ደፍሮ መጠየቅ ግን ዕድል አይባልም። «ናይት ወርልድ» ሊያስበው ያልቻለው ይህንኑ ነው፦ በሥራ ላይ ያለው ሰው ጆሮ እንዳለው።

የአዲስ አበባን የምሽት ቤቶች በፊልም ለመሥራት ያሰባችሁ ደራስያን፣ ታሪካችሁን ከጠረጴዛው ሳይሆን ከበሩ ጀምሩት።