መያዣ እንጂ እምነት ስለሌለው ብድር

አባቶቻችን «ብድር በምድር» ይሉ ነበር። ሰው የተቀበለውን ሳይመልስ አይቀርም ማለታቸው ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ሰዎች ይታያሉ፤ አንዱ የሚያምን፥ ሌላው የሚታመን። በዘመናችን ግን ሁለቱ ሳይተዋወቁ የሚበዳደሩበት ሥራ ተነሥቶአል፤ ብዙ ወጣቶችም «ይህስ ሰውን ከማመን ችግር አወጣን» እያሉ ያመሰግኑታል። ምስጋናው ይገባዋልን? እስቲ ነገሩን እንመርምረው።

ሥራው እንዲህ ነው። ኢተሪየም በሚባለውና በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በተዘረጋው የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ውሉ በፕሮግራም ተጽፎ ይቀመጣል። ኮምፓውንድና አቬ በተባሉት ዘንድ አበዳሪዎች ገንዘባቸውን በአንድነት ያከማቻሉ፤ ተበዳሪውም መያዣ አስቀምጦ ከዚያ ይወስዳል፤ ክምችቱ እየጎደለ ሲሄድ ወለዱ በቀመር ይጨምራል። ሜከር በተባለው ዘንድ ግን ተበዳሪው ኢተር የተባለውን ሀብቱን አስይዞ፥ ዋጋው አንድ ዶላር እንዲሆን የታሰበውን ዳይ የተባለ ገንዘብ አዲስ ያወጣል። በፈረንጆች 2020 መጀመሪያ 100 ዳይ ለማውጣት ቢያንስ የ150 ዶላር ኢተር ማስያዝ ግድ ነበር። የመያዣው ዋጋ ከዚህ መጠን ከወረደ ለሐራጅ ይቀርብ ነበር፤ ባለንብረቱ 13 በመቶ መቀጫ ይቀነስበትና የተረፈው ይመለስለት ነበር።

በጎውን መካድ አይገባም። ይህ ውል የተበዳሪውን ዘርና ማዕርግ አይጠይቅም፤ መዝገቡም ለሁሉ የተገለጠ ነው። ዳሩ ግን 150 የሌለው 100 አያገኝም ነበር። እንግዲህ ያለው ሰው ካለው ላይ ይበደራል እንጂ፥ ድኻው በመልካም ስሙና በዋሱ የሚያገኘው ብድር በዚህ ስፍራ የለም።

ከዚህ የከበደው ነገር መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ታየ። በዚያን ቀን የኢተር ዋጋ ከሢሶ በላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መዝገቡ ስለ ተጋፋ ለማስመዝገብ የሚከፈለው ዋጋ ናረ፤ የብዙ ተጫራቾችም ጥያቄ በመንገድ ቀረ። በዚህ ጊዜ ተወዳዳሪ ያጡ ጥቂቶች ዋጋቸውን ዜሮ ብለው አቀረቡ፤ ፕሮግራሙም የታዘዘውን ፈጽሞ መያዣውን አስረከባቸው። 8 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ኢተር እንዲሁ በከንቱ ተወሰደ። መቀጫውን ከፍሎ የቀረውን እቀበላለሁ ያለው ባለንብረት ባዶ እጁን ቀረ።

ተጐጂዎቹ ካሣ ጠየቁ። ጉዳዩ ለሜከር የድምፅ ባለመብቶች ቀረበ፤ እነርሱም በ2020 ሴፕቴምበር ወር ካሣ እንዳይከፈል ወሰኑ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። «ሰውን ማመን አያስፈልግም» የተባለው ሥራ በመጨረሻው በሰዎች ድምፅ ተፈረደ። ፕሮግራሙን የጻፈ ሰው ነው፤ ሐራጁ በ10 ደቂቃ ሊዘጋ ይችላል ብሎ የወሰነ ሰው ነው፤ ከጥፋቱ በኋላ ጊዜውን ወደ 6 ሰዓት ያራዘመም ሰው ነው። በ2021 የሐራጁ ሥርዓት ራሱ ተለውጦ ዋጋው ከላይ ተነሥቶ እንዲወርድ ተደረገ። መታረሙ ያስመሰግናል። ነገር ግን መታረም የሚችል ነገር ሁሉ አስቀድሞ ኀላፊ ነበረው ማለት ነው። ስለዚህ እምነት አልጠፋም፤ ከዐይን ተሰወረ እንጂ። በግልጽ ከሚታይ አበዳሪ ይልቅ የተሰወረ አበዳሪ ያሠጋል፤ ምክንያቱም በተበደልህ ቀን በየትኛው ደጅ እንደምትጮኽ አታውቅም።

ደግሞም በዜሮ የገዛው ሰው «ሕጉ ፈቀደልኝ» ሊል ይችላል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ግን ጽድቅ አይደለም። የባልንጀራው ቤት ሲቃጠል ዕቃውን የሰበሰበ ሰው፥ በሩ ክፍት ነበር ብሎ ከኅሊናው አያመልጥም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ አዲስን ጥበብ አትናቁ፤ ደግሞም በስሙ አትታለሉ። ውል ከመግባታችሁ በፊት ወለዱ ስንት ነው ከማለት አስቀድማችሁ፥ ነገሩ በተበላሸ ቀን የሚመልስልኝ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ፥ ለማጣት የማትችሉትን አታስይዙ።