የሻይ አፈር በምን ይመዘን?

ስለ አፈር ለምነት የምንጽፍ ተማሪዎች አንድ ስሕተት ስንደጋግም እንገኛለን። ይኸውም የኮምጣጣነት መለኪያ የሆነው ፒ ኤች ዝቅ ብሎ ሲገኝ ወዲያው «መሬቱ ታሟልና ኖራ ይጨመርበት» ብለን መፍረዳችን ነው። ይህ ፍርድ ለገብስና ለባቄላ ማሳ ይስማማል፤ በካፋ ላለው የውሽውሽ፥ በኢሉባቦር ላለው የጉማሮ የሻይ እርሻ ግን አይስማማም። ሻይ ፒ ኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ አፈር ይወዳል፤ ሌላውን ሰብል የሚጎዳውን አሉሚኒየም እንኳ በቅጠሉ ያከማቻል።

ይህን ስንል ግን የሻይ መሬት አይደክምም ማለታችን አይደለም። ከ1,000 ኪሎ ደረቅ ሻይ ጋራ 40 ኪሎ ያህል ናይትሮጅንና 20 ኪሎ ያህል ፖታሲየም ከእርሻው ይወጣል። ናይትሮጅኑን ብቻ በዩሪያ ወይም በአሞኒየም ሰልፌት መተካት ፖታሲየሙን አይመልስም፤ ኮምጣጣነቱንም እያደር ያባብሳል። ፒ ኤቹ ከ4 በታች ሲወርድ ሻይም ራሱ ይጎዳል።

ስለዚህ ሚዛናችን አንድ ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም። አፈሩ ከቅጠሉ ጋራ ይመርመር፤ የተገረዘውም ቅርንጫፍ ከወደቀበት ቦታ ይበስብስ። ማገዶ የቸገረውን ሠራተኛ ግን «አትውሰድ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የማገዶ ዛፍ ሊተከልለት ይገባል።