ተመልካችን የሚያሳትፍ ቴአትርና የተደጋጋሚ ሙከራ አስፈላጊነት

ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል (እ.ኤ.አ. 1931–2009) «ፎረም ቴአትር» ብሎ ያስፋፋው ዘዴ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ከዓላማው አንጻር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ዘዴው የተገኘበትን መንገድ ነው፤ ለትምህርት ባለሙያ የሚበጀው ቁም ነገር ከዚያ ላይ ይገኛልና።

ቦአል እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሠራ፣ ተዋንያኑ አንድን ችግር እስከ ውሳኔው ጫፍ ተጫውተው ያቆሙና መፍትሔውን ተመልካቹን ይጠይቁ ነበር። የተነገራቸውንም ወዲያው ተጫውተው ያሳያሉ። ራሱ እንደ ተረከው፣ አንዲት ሴት ሐሳቧን ደጋግመው ቢጫወቱላትም አልረካችም። በመጨረሻ መድረክ ላይ ወጥታ ራሷ እንድታሳይ ተጋበዘች። ተመልካቹ ተዋናዩን ተክቶ የሚጫወትበት ዘዴ መነሻው ይኸው ነው።

በዚህ ታሪክ ዘወትር የሚወደሰው የሴትየዋ ድፍረት ነው። በእኛ አስተያየት ይበልጥ ሊወደስ የሚገባው፣ አዘጋጁ ቅሬታዋን እንደ ረብሻ ሳይቆጥር አሠራሩን የለወጠበት መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ደካማ ጎን ይታይበታል። በመድረኩና በተመልካቹ መካከል ቆሞ የሚጠይቀው «ጆከር» የተባለው አስተባባሪ ነው። በክፍል ውስጥ ይህ ሰው መምህሩ ይሆናል። ተማሪዎች ባንድ ድምፅ «አዎን» ቢሉ ትምህርቱ ገባቸው ማለት አይደለም፤ የመምህሩን ፊት አይተው መልሰው ይሆናል። ይህንን ለይቶ ለማወቅ ትርኢቱን አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ድርሰቱ ሳይጠናቀቅ አንድ ትዕይንት ብቻ ለጥቂት ተማሪዎች ይቅረብ። አንድ ታዛቢ ከኋላ ተቀምጦ የት ላይ ዝም እንዳሉ፣ የትኛው ጥያቄ እንዳልገባቸውና እነማን ብቻ እንደ ተናገሩ ይመዝግብ። ቀጥሎም አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ለሌላ ክፍል ተማሪዎች ይታይ፤ የፊተኞቹ ፍጻሜውን አውቀውታልና። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ከተለወጠ ግን የትኛው እንደ ጠቀመ ለመለየት ያዳግታል።

የዕቅድ ባለሙያዎችም ለዚህ ሥራ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል። ትርኢቱ ከተመልካች ጋር የሚገናኘው በዓመቱ መዝጊያ በዓል ብቻ ከሆነ፣ ጉድለቱ ቢታወቅም የሚታረምበት ዕለት የለም። ሪፖርት ሲቀርብም በየሙከራው ምን እንደ ተለወጠና ስለ ምን እንደ ተለወጠ ይገለጽ። ከተመልካቹ የተገኘውን ለማረም ያልተዘጋጀ ሙከራ ከተዋንያን ልምምድ አያልፍም።