«ንጥር» የሚለው ቃል የሚደብቀው

«ንጥረ ነገር» ሲባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ኬሚስትሪ ሳይሆን ቅቤ ነው። አሰላ ያደገ ሰው ይገባዋል። ቅቤው ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ይጣዳል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ዝቃጩ ይቀራል፣ ከላይ የሚቀዳው ንጥር ይባላል። ቃሉን ለሳይንስ ያዋለው ሰው ጆሮ ነበረው። ግን ቃሉ ያሳስታል።

ማንጠር በእሳት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሙቀት ደግሞ የአቶሞች ንዝረት ነው። ጠጣር ነገር ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከጎረቤቶቹ ጋር በሞላ የታሰረ ይመስል ቦታው ላይ ይርገበገባል። እሳት ሲጨመር ንዝረቱ ይበረታል፣ ነገሩ ይቀልጣል። የአቶሙ ማንነት ግን አይነካም። ክሎሪንን ክሎሪን የሚያደርገው በአስኳሉ ያሉት 17 ፕሮቶኖች ናቸው፣ በቃ። ደግሞ የቱንም ያህል ብታነጥሩት ክሎሪን ድብልቅ ነው፦ አንዳንዱ አቶም 18 ኒውትሮን አለው፣ አንዳንዱ 20። ከባዱ በትንሹ ዘግየት ብሎ ይርገበገባል እንጂ ሁለቱም ክሎሪን ናቸው። (ለኮድ ጻፊዎች፦ ስሙ አንድ፣ ቨርዥኑ ሁለት።)

ይሄ አርሲ ላይ ምን አመጣው? ተራሮቹ ላይ ድሮ የበረዶ ግግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አሌክሳንደር ግሩስና ባልደረቦቹ «ሳይንስ አድቫንስስ» ላይ ባወጡት ጥናት የባሌንና የአርሲን ግግር ዘመን የለኩት በሦስተኛው ዓይነት፣ 19 ኒውትሮን ባለው ክሎሪን 36 ነው። ግግሩ ትቷቸው የሸሸ ቋጥኞች ሰማይ ሲያዩ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ይደበድባቸዋል። 19 ፕሮቶን ያለው ፖታሲየም ተመቶ ሁለቱን ሲያጣ 17 ይቀረዋል፤ ክሎሪን ሆነ ማለት ነው። ምድጃ የማይችለውን ይሄ ቻለው። ቋጥኙ በቆየ ቁጥር ክሎሪን 36 ይጠራቀማል፣ ተቆጥሮም ዕድሜ ይሰላበታል። በዚህ መንገድ ነው የኢትዮጵያ ደጋ በረዶ ጫፍ የደረሰው ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት፣ የዓለም በረዶ ጫፉን ሳይደርስ እንደነበር የታወቀው።

እንግዲህ «ንጥር» የሚለውን አምኖ የተማረ ልጅ ይህን ጥናት ሲያነብ ግራ ይገባዋል። ንጹህ የተባለው ነገር ውስጥ ሦስት ዓይነት ክሎሪን ምን ይሠራል? የተራራው ታሪክ ያለው ደግሞ እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ቃሉ ይሰረዝ አልልም፤ ለምደነዋል፣ ያምራልም። ትርጉሙ ላይ ግን «ንጹህ» ወጥቶ «የፕሮቶን ቁጥሩ አንድ የሆነ» ይግባበት።