ሕጉ ሲለወጥ ተረቱስ?

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ሆነን የተሰበሰብንበት ጠረጴዛ እንደ ወትሮው ሳቅ አልሰማም። ያጨቃጨቀን ጉዳይ ለሰሚው ተራ ነገር ነው፤ “አዲሱን መጽሐፍ እንግዛ ወይስ በአሮጌው እንቀጥል?” የሚል። ይሁንና ቡናው ሦስተኛው ደርሶ፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ተኮራርፈን ተለያየን። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆነን አናውቅም።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ጨዋታውን ላስተዋውቅ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያበረከቱት ነው። እንደ ዳማ ወይም እንደ ካርታ አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባህርይ ይይዛሉ። ተራኪው “በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። ተጫዋቹ የመጣለትን ይናገራል፤ ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። በአጭሩ የልጅነታችን ተረት ነው፤ ልዩነቱ አድማጩም ተራኪ መሆኑ ነው።

የእኛ መጽሐፍ የ2014 እ.ኤ.አ. እትም ነው። የአንዲት ጓደኛችን ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ያመጣልን ነው። ጀርባው ሁለት ጊዜ በኮላ ተለጥፏል፤ ኅዳጉ “ጋሼ” የምንላቸው ተራኪያችን በእርሳስ በጻፉት ማስታወሻ ተሞልቷል። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተሻሻለውን የተጫዋቾች መጽሐፍ በ2024 እ.ኤ.አ. አወጣ። የቀድሞው 320 ገጽ ነበር፤ አዲሱ 384 ነው። የተራኪው መጽሐፍ በዚያው ዓመት፣ የአውሬዎቹ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ተከተሉ። እያንዳንዱ 50 ዶላር ገደማ ነው፤ ሦስቱ 150። ለእኛ ኪስ ይህ ቀልድ አይደለም። ታናሻችን የመጀመሪያውን ተውሶ ስላመጣ፣ ሁለት ሳምንት ቤቴ አስቀምጬ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አነበብኩት።

ከመልካሙ ልጀምር። በአሮጌው መጽሐፍ አስማተኛው እሳት ሲያዘንብ፣ ሲሰወር፣ ሲበር፣ ጦረኛው ተራው ሲደርስ ሰይፉን ከመሰንዘር ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። አዲሱ ለመሣሪያዎች ስምንት ዓይነት ልዩ ስልት ሰጥቷል፤ አንዱ ጠላትን ይጥላል፣ ሌላው ይገፋል፣ ሌላው እግሩን ያዘገያል። ጦረኛ የያዘችው ጓደኛችን ተራዋ እስኪደርስ ከማዛጋት ትድናለች። የቁስል ፈውስ አስማቱ በአንድ ዳይስ ፋንታ በሁለት ሆኗል። ድካም ቀድሞ በየደረጃው የተለያየ ቅጣት ስለነበረው ሁልጊዜ ገጽ ያስገልጥ ነበር፤ ዛሬ በየደረጃው ከዳይሱ ውጤት ሁለት ይቀነሳል፣ እርምጃም ያጥራል፤ አለቀ። እነዚህ ለአሥር ዓመት ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ብሶት የወለዳቸው ማስተካከያዎች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ልብ የነካኝ ሌላ ነው። ቀድሞ የገጸ ባህርይው ጉልበትና ብልሃት የሚጨመርለት ከዘሩ ነበር። አዲሱ መጽሐፍ “ዘር” የሚለውን ቃል “ዝርያ” ብሎ ለውጦ፣ ጭማሪውን ሰውየው ካደገበት ሥራ ጋር አያይዞታል። ገበሬ የነበረ፣ ጸሐፊ የነበረ፣ መርከበኛ የነበረ እያለ አሥራ ስድስት ዓይነት አስተዳደግ ያቀርባል። ሰው የሚመዘነው በተወለደበት ሳይሆን በሠራው ነው ማለት ነው። ይህን ለመረዳት እኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ነገር ግን የመጽሐፉም ጉድለት ከዚሁ ገጽ ላይ ይጀምራል። በአሮጌው “የሕዝብ ጀግና” የሚባል አስተዳደግ ነበር። ጥቅሙ ቁጥር አልነበረም፤ ተራው ሕዝብ ያስጠጋሃል፣ ከአሳዳጅ ይደብቅሃል፣ ነፍሱን ግን አይሰጥልህም የሚል ነበር። ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጋሼ የሦስት ወር ታሪክ አወጡ። የደበቀችን ባልቴት ጎጆዋ ሲቃጠል ሁላችንም ዝም ያልንበትን ምሽት እስከ ዛሬ እናነሣዋለን። በአዲሱ ለዚህ የሚቀርበው “ገበሬ” ነው፤ የሚሰጠውም ጥንካሬ፣ ማለትም ተጨማሪ የሕይወት ነጥብ ነው። የገጸ ባህርይውን እምነት፣ ትስስርና እንከን በዳይስ ያስመርጡ የነበሩት ሰንጠረዦችም የሉም። ከሰው ጋር የነበረ ዝምድና ወደ ቁጥር ተለወጠ። አዲሱ መጽሐፍ ውጊያን በደንብ ያስተምራል፤ ከውጊያው በኋላ ማን ቤት እንደሚታደር ግን ረስቶታል።

ታናሻችን “ዘመኑ የሄደበትን አለመከተል ድንቁርና ነው” ይላል። ጦረኛዋ ጓደኛችን ደግሞ ሕጉን በቃሏ እስክትይዝ የደከመችውን እያሰበች “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል” ብላ ዘጋችው። የጨዋታው ታሪክ ለእሷ ፍርሃት ምስክር አለው። አራተኛው እትም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙዎች አንቀበልም ብለው በቀድሞው ሕግ ላይ ወደ ተመሠረተው ፓዝፋይንደር ወደተባለው ጨዋታ ሄዱ። በ2023 መጀመሪያ ኩባንያው ሌሎች አሳታሚዎች በሕጉ የሚጠቀሙበትን ፈቃድ ሊያጠብቅ ሲያስብ ረቂቁ አፈትልኮ ቁጣ ተነሣ፤ መጨረሻው የሕጉን መሠረታዊ ጽሑፍ ለሁሉም በነፃ መልቀቅ ሆነ። በ2024 ነሐሴ ደግሞ በኮምፒዩተር ለሚጫወቱት ደንበኞቹ የድሮ አስማቶችን በአዲሶቹ ሊተካባቸው አስታውቆ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ተወው። የወረቀት መጽሐፍ ግን ተኝተን ስንነቃ ተለውጦ አይጠብቀንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አሳታሚው የድሮዎቹን ታሪኮች በአዲሱ ሕግ መጫወት ይቻላል ይላል፤ ይቻላልም። የሚያስቸግረው ከሁለቱ መጽሐፎች የወጡ ገጸ ባህርያትን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ነው። አንዱ የተሻለ መሣሪያና ስልት ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ይቀርና ቅያሜ ይመጣል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የጀመርነውን ተረት በጀመርንበት ሕግ እንጨርስ። ፈውሱን፣ ድካሙንና የመሣሪያውን ስልት ብቻ ለሁላችንም እኩል እንውሰድ፤ የአዲሱ ሕግ መሠረታዊ ክፍል ከ2025 ጀምሮ በነፃ ስለሚገኝ ለዚህ አንድ ዶላር አይወጣም። ቀጣዩን ተረት ግን በአዲሱ እንጀምር፤ መጽሐፉንም አዋጥተን አንድ ብቻ፣ የተጫዋቾቹን፣ እንግዛ። የአሮጌው የአስተዳደግ ገጾች ከጎኑ ይቀመጡ።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለጊዜው አልመለሱልኝም። አሮጌውን መጽሐፍ ገለጥ አድርገው ኅዳጉ ላይ ከአራት ዓመት በፊት የጻፉትን የባልቴቲቱን ስም ተመለከቱ። “አዲሱ ላይ እርሳስ ይይዛል?” ሲሉ ጠየቁኝ። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ሞከርኩት። ደብዘዝ ይላል እንጂ ይይዛል።