«መያዣ» ስንት ነገር ይይዛል? ስለ ኮሌትና ቻክ የአማርኛ ስያሜ

በእጃችን የገባ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ጽሑፍ፣ ስለ አነስተኛ የፍሬዛ መኪና አጠቃቀም ሲያስረዳ፣ «መያዣውን በመያዣው ውስጥ አስገብቶ መያዣውን ማጥበቅ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይዟል። እንግሊዝኛው በሦስት ስም የለያቸውን ዕቃዎች፣ ማለት ኮሌትን፣ ኮሌቱ የሚገባበትን ቻክና አጥባቂውን ዳዶ፣ ተርጓሚው በአንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል። «መያዣ» ጥሩ አማርኛ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የሙያ ስያሜ ተግባሩ መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ አይለይም።

ጽሑፉን የሚያነብበው በሆሳዕና ወይም በዱራሜ፣ በርና መስኮት በሚበየድበት ግቢ ውስጥ፣ ትንሽ ፍሬዛ ሊተክል ያሰበ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ ጉዳዩ የቃላት ብቻ አይደለም። የመሰርሰሪያ ቻክ ፑንታን በሦስት መንጋጋ ይጨብጣል፤ ፑንታ ኃይሉ ወደ ታች ስለ ሆነ ይህ ይበቃዋል። የፍሬዛ ቆራጭ ግን ከጎን ይገፋል። በሦስት መስመር ብቻ የተጨበጠ እጀታ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ቻኩም ራሱ ከሾጣጣ ማረፊያው ሊላቀቅ ይችላል። ኮሌት ግን ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ ሾጣጣ እጅጌ ነው፤ ዳዶው ወደ ቻኩ ጎድጓዳ ሲገፋው ይሸበባል፣ እጀታውንም ከየአቅጣጫው ያቅፋል። ሁለቱንም «መያዣ» ተብሎ ያነበበ ሰው በሱቅ ያገኘውን ቻክ በፍሬዛው ላይ ቢያስር ጥፋቱ የማን ነው?

ከዚህ የባሰም አለ። በስዊዘርላንዱ ሬጎ ፊክስ ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተፈለሰፈውና ኋላ በጀርመኑ ደረጃ፣ በዲን 6499፣ የተካተተው «ኢአር» የተባለው የኮሌት ዓይነት በቁጥር ይጠራል። ተርጓሚው «ኢአር 32»ን «32 ሚሊ ሜትር የሚይዝ መያዣ» ብሎታል። ቁጥሩ የሚጠቁመው ግን የኮሌቱን የውጭ ስፋት ነው፤ የሚያቅፈው እጀታ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲሁም የ10 ሚሊ ሜትር ኮሌት ከ10 እስከ 9 ድረስ ይሸበባል እንጂ ለ10 ተኩል አይሰፋም። ገንዘቡን ይዞ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ይህች አንዲት ሐረግ የመንገዱን ድካም ከንቱ ታደርጋለች።

ታዲያ ምን እንበለው? «ኮሌት» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «ትንሽ አንገትጌ» ነው፤ መልኩን መግለጹ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ አንገትጌ በዘንግ ላይ ለሚታሰረው ሌላ ቀለበት ቢቀመጥ ይሻላል። ጀርመንኛው ዕቃውን ከጉጠት ያመሳስለዋል። ጣልያንኛው «ፒንሳ» ይለዋል። ቶርኖን፣ ሞርሳን፣ ፑንታንና ፍሬዛን ራሷን ከጣልያንኛ የወሰደው የአገራችን ወርክሾፕ ይህንንም ቢወስድ ባላስገረመ ነበር፤ ነገር ግን ፒንሳ በእኛ ዘንድ ሌላ ሥራ ይዞ ቆይቷል። አገርኛ ቃል ይቅደም የሚለውን ደንብ የምንደግፍ ብንሆንም፣ እዚህ ላይ «ኮሌት» እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን። ለባለ መንጋጋው ቻክ «ጨባጭ»፣ ለኮሌቱ ቻክ «የኮሌት አቃፊ» ቢባል፣ መጨበጥና ማቀፍ የሚሉት ግሦች የአሠራሩን ልዩነት ራሳቸው ይናገራሉ። «አቃፊ» በኮምፒዩተር ቋንቋ የፋይል ማኅደር መጠሪያ መሆኑን አልዘነጋንም፤ በወርክሾፕ ውስጥ ግን ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለንም።

ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ አይቆምም። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ስለ ሆነ፣ ለሀዲይሳና ለከምባቲሳ የሚተረጉም ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአማርኛው ነው። አማርኛው ሦስቱን ዕቃ አንድ ካደረጋቸው፣ ተከታዩ ተርጓሚ መልሶ የሚለይበት ፍንጭ አያገኝም። ስለዚህ የተነቀፈው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ቢታረም፤ «ኮሌቱን አስቀድሞ በዳዶው ውስጥ ቀጭ እስኪል መግጠም፤ ዳዶውን በኮሌት አቃፊው ላይ በጥቂቱ ማዞር፤ የቆራጩን እጀታ አስገብቶ ማጥበቅ።»